ቁጥር ሃያ ስድስት

ጫማ ይዛ መጣች፣
ከወልድያ አውቶቡስ በቀትር ወርዳ፣
በፌስታል ጠቅልላ ያን ቀይ እንግዳ።
ቢራቢሮ አለው ከአፍንጫው ላይ፣
ሶሉ አፈር አልነካ፣ አልመታው ፀሐይ።
ገልብጬ አነበብኩ፦ ሃያ ስድስት ይላል።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዓይኔ ልክ ያውቃል፤
የትርንጎ እግር ሠላሳ አንድ ደርሷል።
ትታው የሄደችው ያ የአራት ዓመት እግር
በእናቷ ልብ ኖሯል፣ ሳያድግ፣ ሳይቀየር።

በመሳቢያዬ ውስጥ ቁልፍ ሞልቶኛል፣
የሸሚዙ ከኮቱ ጋራ ተደባልቋል፤
በቁልፎቹ መሀል ጓጉንቸር ተኝቷል።
ከፋች ቁልፍ የለው፣ በድንጋይ ተሰብሯል።

የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ነው፣ ምሽት ላይ።
ሰኞ የወጣች እናት ሳትመለስ፣ ሳትታይ፣
የግድግዳው ጭቃ በጥፍር ተፍቆ፣
የልጅቱ ከንፈር ደርቆ፣ ተሰንጥቆ።
አላለቀሰችም። በሩ ወድቆ ብርሃን ሲገባ
ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባ ሳታነባ፣
«ዝም በሉ» አለችን፣ «እማ ትቆጣለች።»
ይኸው እስከ ዛሬ በር ሲዘጋ ትባንናለች።

አሁን ውድነሽ ድናለች አሉ፣
እድርተኛው፣ ሐኪሙ፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ።
አረቄውን ከተወች ሁለት ዓመት ሞላት፣
ወልድያ ሻይ ቤት ሥራ አላት፣ ክፍል አላት።
ወረቀት አምጥታለች፣ ማህተሙ ክብ ነው፤
እኔ ያየሁት ግን ወረቀቱን ሳይሆን እጇን ነው፤
አይንቀጠቀጥም።

ሽማግሌው አሉኝ፦ «ይማም፣ አንተ ሰፊ ነህ፤
ጨርቁ የሰው ከሆነ ሰፍተህ ትመልሳለህ።»
እውነት ነው። ግን ጨርቅ ሌሊት አይባንንም፣
ከመርፌዬ ሥር ሆኖ «አባ» አይለኝም።

መዲና ምንም አትልም። ሦስት ቀን ሆናት
የልጅቱን ፀጉር ቁጭ ብላ ስትሠራት፣
ያንኑ ሹሩባ መልሳ ስትፈታው፤
ቀኑን ነው መሰለኝ የምትጎትተው።

እውነቱን ልናገር? ውድነሽ ብትንገዳገድ፣
የአረቄ ሽታዋ ቢቀድማት በመንገድ፣
ደስ ባለኝ ነበር። በዚህ አፍራለሁ።
ለሰው ውድቀት ዱዓ አድርጌ አድሬአለሁ።

ትርንጎን ጠራናት። ከማንጎው ሥር መጣች፣
እጇ ሙጫ ይዞ፤ ጫማውን አየች።
ውድነሽ ተንበረከከች፣ ማሰሪያውን ፈታች፣
የልጇን ተረከዝ በመዳፏ ያዘች።
አልገባም።
ገፋ አደረገችው። አልገባም።
እጇ ያኔ ነው የተንቀጠቀጠው።

ልጅቱ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣
ጣቶቿን አጠፈች፣
ተረከዙን ረግጣ እንደ ሸበጥ ቆመችበት፤
«ልኬ ነው» አለች፣ ፊቷ ሳይታይበት።

እኔ ልክ አውቃለሁ። ልኳ አልነበረም።
ያን ውሸት ምን እንደምለው ግን አላውቅም።
ለእናቷ አዝና ነው? ወዳት ነው? ወይስ
ያ የድሮው «ዝም በሉ» ነው የመጣው፣ በቀይ ጫማ መልስ?
ሰው የሚራራ ልጅ አሳድገናል እንበል፣
ወይስ ገና በሩ አልተሰበረም፣ ከውስጥ ነው የሚከለከል?

ስትወጣ ውድነሽ ከደፉ ላይ ቆማ፣
ድምፅዋ ከማሽኔ ድምፅ በታች፣ ሳይሰማ፣
«አሁን ስንት ነው ቁጥሯ?» ብላ ጠየቀችኝ።
ምላሴ ላይ ነበር። ዝም አልኳት። ሄደችልኝ።

ነገ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፤
«ትመለስ፣ አትመለስ?» ዳኛዋን እሰማለሁ።
ጓጉንቸሩን ኪሴ ከትቼዋለሁ፤
ላሳየው አላሳየው ገና አልወሰንኩም፤
መዲናም አልጠየቀች፣ እኔም አልነገርኩም።

ማታ ላምባ ለኩሼ (መብራት ጠፍቶ ነበር)
ቀሚሷን ስሰፋ፣ ከታች ከጠርዙ ዳር
ሦስት ጣት ሙሉ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጠፍኩ፤
ስታድግ የሚፈታ። ክሩን አላጠበቅኩ።
ማን ይፈታው ይሆን፣ የትኛዋ እጅ፣ በየት ቤት?

ቀዩ ጫማ ደጃፍ ነው፣ ተረከዙ ተጣጥፎበት።
መርሳ ተኝታለች። ውድነሽ አልጋ ይዛለች፣
ከመናኸሪያው ማዶ፣ ምናልባት ነቅታለች።
ነገ ምን እንደምል ለዳኛዋ እንጃ።
ለእሷ ግን፣ ከሁሉ በፊት፣ ከደጃፉ ላይ፣
ሠላሳ አንድ እላታለሁ።